የጦር ወሬ፤ በ1928 እና በ2014 ዓ.ም.

የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. የሩሲያ ጦር ዩክሬን ገባ። በሳምንቱ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኪየቭን ዙሪያ ከተሞች በስም የማይጠራ ሰው ብርቅ ሆኖ ነበር። ወደ መገናኛ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፈኛ፣ ጀበና ከበው የተቀመጡት፣ የጥበቃ ሠራተኛው ሳይቀር ኢርፒንን ከሆስቶሜል ለይቶ ያውቃል። ሰላምታው «ዛሬስ የት ደረሱ?» ሆነ። ማታ ስልክ የያዘ ሁሉ የጦር አዛዥ ነው።

ከሰልፈኛው ለሩሲያ የሚያደላው ይበዛ ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ከአድዋ ድል በኋላ ቁስለኛ ለማከም የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ነበሩ፤ በ1970 በኦጋዴን ጦርነት ታንኩም መድፉም የመጣው ከሶቪየት ኅብረት ነው። ግን ያን ጊዜ «ሶቪየት» ሲባል ዩክሬንም አብራ ነበረች። ኪየቭና ካርኮቭ ተምረው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። እነሱ በዚያ ሰሞን ዜናውን የሚሰሙት እንደ ሌላው ሰው አልነበረም፤ የሚደበደበው የተማሩበት ከተማ ነውና።

የካቲት 23 ቀን ደግሞ ነገሩ ሁሉ ገጠመ። አዲስ አበባ የአድዋን 126ኛ ዓመት ታከብራለች። ኬርሶን በሩሲያ ጦር እጅ ትወድቃለች። በዚያው ዕለት ኒው ዮርክ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ሰጠ፦ 141 አገሮች ወረራውን አወገዙ፣ 5 ተቃወሙ (ኤርትራ አንዷ ናት)፣ 35 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። ኢትዮጵያ ከሦስቱም ውስጥ የለችም፤ ድምፅ አልሰጠችም። ወራሪ የተመለሰበትን ቀን እያከበርን ስለ ወረራ ዝም ማለታችንን በዚያ ቀን ያነሣ ብዙ ሰው አልሰማንም።

እኛ እዚህ ማንሣት የፈለግነው ማን አሸነፈ የሚለውን አይደለም። የጦር ወሬን በየቀኑ የሚከታተል ሰው የሚያውቀው ምኑን ነው? ጥያቄው ይኸ ነው። የአዲስ አበባ ሰው የሩቅ ጦርነት መከታተል የጀመረው ደግሞ ዛሬ አይደለም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስሙ ራሱ «የጦር ወሬ» የሆነ ጋዜጣ እዚሁ ከተማ ይታተም ነበር። በ1928 ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ዓለም የእኛን ጦርነት ይከታተል ጀመር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የዴ ቦኖ ጦር ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻገረ። አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ነጋሪት ተጎሰመ፣ የክተት አዋጅ ተነበበ። በሦስተኛው ቀን አድዋ ተያዘች። ይህን ለዓለም ሊያሰሙ ከመቶ የሚበልጡ የውጭ ጋዜጠኞች ከተማዋን አጥለቅልቀዋት ነበር። ይሁንና ለሳምንታት ወደ ሰሜን ግንባር እንዲወጡ አልተፈቀደላቸውም። ምን ያድርጉ? ጋዜጣው በየቀኑ ወሬ ይፈልጋል፣ ሆቴል ተቀምጦ ደግሞ ወሬ አይገኝም። ስለዚህ የሰሙትንም ያልሰሙትንም በቴሌግራም ይልኩ ጀመር። አድዋ ላይ ሆስፒታል በቦምብ ተመታ፣ ነርሶች አለቁ የሚል ወሬ ተነሣ፤ ሲጣራ ሆስፒታሉም ነርሶቹም የሉም። ከነሱ አንዱ የነበረው እንግሊዛዊው ኤቭሊን ዋው ያየውን ትርምስ «ስኩፕ» የተባለ የቀልድ ልብ ወለድ አደረገው። ቁም ነገረኛም አልጠፋም፤ የ«ታይምስ»ን ወኪል ጆርጅ ስቲርን ይጠቅሷል። በዓመት ከምናምን በኋላ የጌርኒካን መደብደብ ለዓለም ያሰማ እሱ ነው።

በ2014 ያየነውም ከዚህ አይርቅም። «የኪየቭ መንፈስ» የተባለ አንድ አብራሪ የሩሲያን አውሮፕላኖች ብቻውን እየጣለ ነው ተባለ፤ አራብሳም ድረስ ዝናው መጣ። በሚያዝያ ወር የዩክሬን አየር ኃይል ራሱ እንዲህ ያለ ሰው የለም፣ ተረት ነው አለ። በእባብ ደሴት ሞቱ ተብለው ጀግና የተባሉት ጠባቂዎች በቀናት ውስጥ በሕይወት ተገኙ።

የፈጠራ ወሬ ግን ቀላሉ ጉዳት ነው፤ ይዋል ይደር እንጂ ይጋለጣል። የሚከፋው ያልተወራው ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ ጋዜጠኞቹ እዚያው ነበሩ፤ ወዲያው ዓለም ሰማ። በዚያው ታኅሣሥ ተከዜ ላይ የመርዝ ጋዝ በወታደሩ ላይ ሲወርድ ግን ከነሱ አንድም አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አመለከቱ፣ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ቆመው ተናገሩ። ኢጣሊያ ካደች። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው። ስድሳ ዓመት! የተቃጠሉት ወታደሮች አብዛኞቹ ይህን ቃል ሳይሰሙ አልፈዋል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። በመጋቢት 2014 መጨረሻ የሩሲያ ጦር ከቡቻ ሲወጣ መንገድ ላይ የወደቁትን ሰዎች ሬሳ በቀናት ውስጥ በስልካችን አየን። ብዙ ሰው ደነገጠ፣ መደንገጡም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው ብሎክ፣ በዚያው ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፣ ከሰኔ 2013 ጀምሮ መቀሌ ያለች እናታቸው በሕይወት ትኑር ትሙት የማያውቁ ጎረቤቶች ነበሩ። ስልክ ተቆርጧል፣ ባንክ ተዘግቷል፣ መንገድ የለም። መቀሌ ከአዲስ አበባ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ስለ ኪየቭ ጮክ ብሎ የሚከራከረው ሰው ስለ መቀሌ ሲሆን ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ወይም ጭራሹን ወሬ ይለውጣል። በአማራና በአፋር ጦርነቱ ያለፈባቸው ከተሞች ሰዎችም ቢሆኑ የደረሰባቸውን የሚጠይቃቸው የቅርብ ዘመድ ነበር እንጂ የታክሲው ሰልፈኛ አልነበረም። የሩቁ ጦርነት ለወሬ ይመቻል፤ ማንም «አንተ የማን ወገን ነህ?» ብሎ አያፋጥጥህም፣ ቢያፋጥጥህም እንደ ኳስ ቲፎዞ ስቀህ ታልፋለህ።

ለአንዳንዱ ግን የሩቁም ወሬ ጨዋታ አልነበረም። በሚያዝያ 2014 በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች አዲስ አበባ የሚገኘው የሩሲያ ኤምባሲ ደጅ ተሰለፉ፤ ለሩሲያ የሚዋጋ ይመዘገባል የሚል ወሬ ሰምተው ነው። ኤምባሲው ተዋጊ አልመለምልም አለ። እነዚያ ልጆች ዜናውን የተከታተሉት እንደ ሥራ ማስታወቂያ ነበር፤ ሊፈርድባቸው የሚሻ መጀመሪያ የሥራ አጡን ሰልፍ ይይ።

ጓዳም የራሱን ዜና ይሰማ ነበር። ከዓለም የሱፍ ዘይት ላኪዎች ትልቋ ዩክሬን ነበረች፤ ዘይት ተወደደ፣ ስንዴ ተወደደ። ነሐሴ 10 ቀን 2014 «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለች መርከብ 23 ሺህ ቶን የዩክሬን ስንዴ ለኢትዮጵያ ዕርዳታ ጭና ከፒቭዴኒ ወደብ ተነሣች። ነሐሴ 24 ቀን ጂቡቲ ደረሰች። እሷ ባሕር ላይ ሳለች፣ ነሐሴ 18 ቀን፣ በሰሜናችን ለአምስት ወር ጋብ ብሎ የቆየው ውጊያ እንደገና ተጀመረ።