ኸዲቭ ኢስማዒል፦ የገዢው ስምና የመርከቢቱ መጨረሻ

«ኸዲቭ ኢስማዒል» የሚለው ስም ለአገራችን ታሪክ ባዕድ አይደለም። ከ1863 እስከ 1879 ምስርን የገዛው ሰው ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የስዊዝ ቦይ የተመረቀው በእርሱ ዘመን ነው። ምፅዋን ከቱርኮች የተረከበው፣ በ1875 ሐረርን በጦር የያዘው እርሱ ነው። ጉንደትና ጉራዕ ላይ በአጼ ዮሐንስ ጦር ድል የሆነውም የእርሱ ሠራዊት ነበር። በዚያው በ1875 ለኸዲቩ ያደረው ሙንዚንገር አውሳ ድረስ ዘልቆ ሲመጣ የገደሉት የዐፋር ሙስሊሞች መሆናቸውንም ልብ በሉ። የዚያን ዘመን ጦርነት የመስቀልና የጨረቃ ግጥሚያ ብቻ አድርገው ለሚተርኩልን ይህ ሳይጎረብጣቸው አይቀርም።

የዛሬው ጉዳያችን ግን ሰውየው ሳይሆን በስሙ የተጠራችው መርከብ ናት።

መርከቢቱ በ1922 ግሪኖክ በምትባል የስኮትላንድ ወደብ ለአንድ የቺሊ ኩባንያ ስትሠራ ስሟ «አኮንካጓ» ነበር። መጠኗ ከሰባት ሺህ ቶን በላይ የሆነ፣ ዕቃም መንገደኛም የምትጭን የእንፋሎት መርከብ ስትሆን በፓናማ ቦይ እያቋረጠች በቺሊና በኒውዮርክ መካከል ትመላለስ ነበር። በ1935 መቀመጫውን እስክንድርያ ያደረገው የኸዲቪያል የመርከብ ኩባንያ ገዛትና የቀድሞውን ገዢ ስም አወጣላት። በ1940 ደግሞ እንግሊዞች ለወታደር ማመላለሻነት ወሰዷት።

የንግድ መርከብ የወታደር መርከብ ስትሆን የሚለወጠው በዋናነት ሆዷ ነው። መኮንኖች የመንገደኛውን ክፍል ይይዛሉ። ተራው ወታደር የሚያድረው ቀድሞ ሣጥንና ከረጢት ይቆለልበት በነበረው በታችኛው ክፍል ሲሆን ከዚያ ወደ ላይ መውጫው ጠባብ መሰላል ነው። ይህን መሰላል አስታውሱልኝ።

በሚያዝያ 1941 እንግሊዞች ከግሪክ ሲሸሹ «ኸዲቭ ኢስማዒል» ወታደር ለመጫን ሄዳ ሳትጭን ተመለሰች። አብራት የነበረችው «ስላማት» የተባለች የሆላንድ መርከብ ግን በጀርመን አውሮፕላኖች ተመትታ ሰጠመች። ያን ጊዜ ሞት አልፏት ሄደ።

ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በየካቲት 1944 መጀመሪያ፣ ከአራት ሌሎች የወታደር መርከቦች ጋር ከሞምባሳ ወደ ኮሎምቦ ተነሣች። በላይዋ 1,511 ሰው ነበር። ከነዚህ ውስጥ 996ቱ የምሥራቅ አፍሪካ መድፈኛ 301ኛ ሬጅመንት መኮንኖችና ወታደሮች ነበሩ። የተቀሩት የባሕር ኃይል ሰዎች፣ መርከበኞች፣ እንዲሁም አብዛኞቹ ነርስ የሆኑ 80 ያህል ሴቶች ነበሩ። አፍሪካውያኑ መድፈኞች የሚጓዙት እንግሊዝ በእስያ ከጃፓን ጋር ለያዘችው ጦርነት ነበር። ከቪክቶሪያ ሐይቅ አካባቢ ለተነሣ ወጣት ጃፓን ምኑ ናት?

የካቲት 12 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከማልዲቭ ደሴቶች አጠገብ «አይ 27» የተባለች የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ ሁለት ቶርፒዶ መታቻት። በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሰጠመች። በሁለት ደቂቃ በዚያ ጠባብ መሰላል ስንት ሰው ሊወጣ ይችላል?

ከዚህ የከፋው ቀጥሎ የሆነው ነው። የመርከቦቹ ጠባቂ ከነበሩት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች አንዷ «ፓላዲን» በሕይወት የተረፉትን ከውሃ ማውጣት ጀመረች። ሰርጓጇ ግን የተደበቀችው እነዚያው ሰዎች ከሚዋኙበት ሥር ነበር። ካልተመታች የቀሩትን አራት መርከቦች ከነተሳፋሪዎቻቸው ልታሰጥም ትችላለች። ስለዚህ ሌላዋ ጠባቂ «ፔታርድ» በሚዋኙት ሰዎች መካከል እያለፈች ውሃ ውስጥ የሚፈነዳ ቦምብ ጣለች። ከመስጠም ያመለጡ ሰዎች በወገን ቦምብ ሞቱ። ሰርጓጇ ወደ ላይ ወጣች፤ «ፓላዲን» ልትገጫት ስትል ጎኗ ተቀደደ። በመጨረሻ «ፔታርድ» ከተኮሰቻቸው ሰባት ቶርፒዶዎች ሰባተኛው መትቶ «አይ 27»ን አጠፋት።

እኔ በበኩሌ የ«ፔታርድ»ን አዛዥ ለመኮነን አልደፍርም። በእርሱ ቦታ ሆኖ ሌላ ውሳኔ እወስን ነበር የሚል ሰው ካለ ቆም ብሎ ያስብ። ይልቅ የሚከነክነኝ፣ የሰው ልጅ በገዛ ጓዶቹ ላይ ቦምብ ለመጣል በሚገደድበት ቦታ ያን ያህል ወጣት ያደረሰው ማን ነው? የሚለው ነው። የሚገዛቸው መንግሥት ባወጀው ጦርነት ሄዱ። የምስሩ ኢስማዒልም በዘመኑ ድሃውን የዓባይ ዳር ገበሬ ወታደር አድርጎ፣ በዴንማርካዊው አሬንድሩፕ እየተመራ ጉንደት ላይ እንዲያልቅ ልኮት ነበር።

ከ1,511 ሰዎች 1,297ቱ ሞቱ። 208 ወንዶችና 6 ሴቶች ተረፉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተባባሪዎቹ ኃይሎች መርከቦች ላይ ከደረሱት እልቂቶች ከባዶቹ አንዱ ይህ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ወሬው እምብዛም አይሰማም።

አስከሬናቸው ባሕር ውስጥ ቀርቷል። የመድፈኞቹ መታሰቢያ ናይሮቢ በሚገኘው የጦርነት መቃብር ስፍራ ውስጥ የቆመው የምሥራቅ አፍሪካ መታሰቢያ ነው። እዚያው ላይ ጣሊያንን ለማስወጣት በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዋጉ ወድቀው መቃብራቸው ያልታወቀ ወታደሮችም ይታሰባሉ።