ስለ ሊኑክስ ሞጁል ታሪክ አጭር ጥናት

የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ከርነል ይባላል። ሥራውም ሜሞሪንና የማሽኑን ጉልበት ለፕሮግራሞች ማከፋፈል ነው። ዲስክን፣ የኔትዎርክ ካርድንና ይህን የመሳሰለውን መሣሪያ የሚያሠራው ክፍል ደግሞ ድራይቨር ይባላል። የዚህ ጥናት ጥያቄ፣ አንድ ድራይቨር ብቻ የሚፈልግ ሰው ከርነሉን በሙሉ እንደ ገና ከመሥራት እንዴት ዳነ? ለዚህስ ምን ዋጋ ከፈለ? የሚል ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሔልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩት ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ባወጡ ጊዜ ከርነሉ ድራይቨሮቹን ሁሉ በአንድነት የያዘ ወጥ ሥራ ነበር። በ1992 መጀመሪያ የሚኒክስ ደራሲ የሆኑት የአምስተርዳሙ ሊቅ አንድሩ ታነንባውም ይህን አሠራር ጊዜው ያለፈበት ነው ሲሉ ነቀፉት፤ ከርነሉ አንሶ ድራይቨሮቹ ለየብቻቸው እንዲቆሙ ይሹ ነበርና። ቶርቫልድስ በንድፈ ሐሳብ በኩል ነቀፋውን በከፊል ቢቀበሉም፣ በሥራ ግን የእርሳቸው እንደሚበልጥ ተከራከሩ።

የወጥነቱ ሸክም ግን በተጠቃሚው ትከሻ ላይ ወደቀ። አዲስ ካርድ የገዛ ሰው ከርነሉን በሙሉ ወደ ማሽን ቋንቋ መለወጥ፣ ማለት ኮምፓይል ማድረግ፣ ግድ ይሆንበት ነበር። ይህም በዚያን ጊዜ ማሽን ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ ቢሳሳትም ኮምፒውተሩ አልነሣም ይለዋል። መፍትሔው ሞጁል ሆነ። በ1995 በወጣው 1.2 እትም፣ ድራይቨር ብቻውን ተሠርቶ፣ ማሽኑ ሳይጠፋ በከርነሉ ላይ ሊጫን ይችል ነበር። ይሁን እንጂ የታነንባውም አሳብ ተፈጸመ ማለት አይደለም፤ ሞጁሉ ከተጫነ በኋላ ሥልጣኑ ከከርነሉ ጋር አንድ ስለሆነ፣ ቢበላሽ ሁሉን ይዞ ሊወድቅ ይችላል።

በ2003 መጨረሻ በወጣው 2.6 እትም የአሠራሩ ሥርዓት ታደሰ። ዛሬ ሠሪው የከርነሉን ሶርስ ኮድ በሙሉ መያዝ አያሻውም፤ ሄደር የሚባሉት ፋይሎችና ከርነሉ የተሠራበት የምርጫ መዝገብ ተዘጋጅተው ከተገኙ ይበቃዋል። «ሜክ» የተባለውን ትእዛዝ ወደ እነዚህ መርቶ፣ ድራይቨሩ ያለበትን ፎልደር ቢያመለክተው፣ ያው አንዱ ሞጁል ብቻ ይሠራል።

ዋጋውስ ምንድን ነው? ሞጁሉ የተሠራለትን ከርነል የእትም ምልክት ተሸክሞ ይወጣል፤ ምልክቱ ካልተስማማ ከርነሉ አይቀበለውም። የሊኑክስ ሠሪዎችም የከርነሉ የውስጥ አሠራር አይለወጥም ብለው ቃል ለመግባት እምቢ ብለዋል። ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ግሬግ ክሮዋ-ሃርትማን በጻፉት ማስረጃ፣ ከዋናው ሶርስ ኮድ ጋር የተቀላቀለውን ድራይቨር ለውጡን ያመጣው ሰው አብሮ ያስተካክለዋል ይላሉ። በውጭ የቀረውን ግን ባለቤቱ በየጊዜው ማደስ አለበት።

እንግዲህ ክፍሉን ከሙሉው ለይቶ መሥራት ተቻለ እንጂ ክፍሉ ከሙሉው ነጻ አልወጣም። አምራቹ የረሳው አሮጌ ካርድ በእጁ ያለ ሰው ይህን ልዩነት በሚገባ ያውቀዋል፤ ከርነሉ በተለወጠ ማግሥት ካርዱ ዝም ይላል። የድራይቨሩ ሶርስ ኮድ ክፍት ከሆነ ጥቂት መስመሮች አርሞ፣ አንዱን ሞጁል ብቻ ሠርቶ ሊያድነው ይችላል። ከተዘጋበት ግን፣ ካርዱ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ወይ በአሮጌው ከርነል ይቀመጣል፣ ወይ ካርዱን ይጥላል።