ከማዕዘን የተነሣው ግንብ

በቼዝ ዓለም «ለምለሟ» እየተባለች የምትጠራ አንዲት ጨዋታ አለች። እ.ኤ.አ. በ1852 በበርሊን ከተማ አዶልፍ አንደርሰንና ዣን ዱፍሬን የተጫወቷት ናት። ስሙን ያወጣላት ከጊዜ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ቪልሄልም ሽታይኒትዝ እንደሆነ ይነገራል፤ በጋ ከክረምት ቅጠሉ በማይረግፍ ተክል መስሏት ነው። ሙሉዋ ጨዋታ 24 እርምጃ ብቻ ናት። እኔ ግን መጻፍ የፈለግሁት ስለ 24ቱ ሳይሆን ስለ አንዷ፣ ስለ 19ኛዋ ነው። ሰሌዳ ዘርግቼ ደጋግሜ ያየኋት፣ ባየኋት ቁጥርም የማልጠግባት እርምጃ ናት። ውድ አንባቢ ቼዝ የማያውቁ ቢሆኑ እንኳ ለጥቂት ይታገሡኝ፤ ነገሩ ወደ ሀገራችንም ይመጣል።

አንደርሰን የሒሳብ መምህር ነበር። ተወልዶ ያደገውም፣ ያስተማረውም፣ እ.ኤ.አ. በ1879 የሞተውም በብሬስላው ነው፤ ዛሬ ቭሮትስዋፍ በምትባለው የፖላንድ ከተማ። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ታላቅ ዓለም አቀፍ የቼዝ ውድድር አንደኛ ወጣ፤ ከዚያም ወደ ተማሪዎቹ ተመለሰ። ዱፍሬን በበኩሉ የብዕር ሰው ነበር፤ ስለ ቼዝም ብዙ ጽፏል። ለምለሟ ጨዋታ የውድድር ጨዋታ አልነበረችም። ሁለት ወዳጆች ለጨዋታ ያህል የተጫወቷት ናት።

የ19ኛው እርምጃ ተራ ሲደርስ ሰሌዳው እንዲህ ሆኗል። የጥቁሩ ንጉሥ ከተነሣበት ቤት ንቅንቅ አላለም፤ በሰሌዳው መካከል ለጥቃት ተጋልጦ ቆሟል። አንደርሰን ይህን ለማግኘት አንድ ፈረስ ሠውቷል፤ በምትኩም አንድ ወታደሩ በጥቁሩ ደጃፍ ገብቶ እንደ ችካል ተተክሏል። ሆኖም ዱፍሬንም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ግንቡ በነጩ ንጉሥ ፊት ለፊት ባለው ክፍት ዓምድ ላይ ተደግኗል። ንግሥቲቱ ደግሞ የነጩን የቀረ ፈረስ አፍጥጣ ታየዋለች። ያንን ፈረስ ሊጠብቅ የሚገባው ወታደር ከቦታው ቢነቃነቅ ንጉሡን ለግንቡ አጋልጦ ስለሚሰጥ፣ አለ ቢባልም የለም። ጥቁሯ ንግሥት ፈረሱን ከበላች በሚቀጥለው እርምጃ ጨዋታው ያበቃል። የተካረረ አቋም ማለት ይህ ነው፤ ሁለቱም ወገን ሊገድል አንድ እርምጃ ቀርቶታል፣ ጥያቄው ተራው የማን ነው የሚለው ብቻ ነው።

እንዲህ ባለ ሰዓት የሰው እጅ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። አንዱ ፈረሱን ለማዳን ይሯሯጣል። ሌላው ያገኘውን ይበላል። ቼክ የሚወድ ደግሞ ቼክ ይፈልጋል። አንደርሰን ግን ከጨዋታው መጀመሪያ አንሥቶ በሰሌዳው ማዕዘን ሥራ ፈቶ የተቀመጠውን ግንብ አንሥቶ፣ ነጯ ንግሥት ጨዋታውን በጀመረችበት ቤት ላይ አስቀመጠው። ይኸው ነው። ግንቡ ማንንም አይመታም፤ ከፊቱ የገዛ ጳጳሱ ቆሞ መንገዱን ዘግቶበታል። ፈረሱንም አያድንም። ላየው ሰው፣ ቤቱ በእሳት ተያይዞ ሳለ ወንበር የሚያስተካክል ሰው ይመስላል።

ዱፍሬን ፈረሱን በላ።

ከዚህ በኋላ ነጩ አምስት ጊዜ ተራ ደረሰው፤ አምስቱም ቼክ ነበሩ። በመጀመሪያ ሌላኛው ግንብ በጥቁሩ ንጉሥ ፊት የቆመውን ፈረስ ገጭቶ ራሱን ሠዋ። የጥቁሩ ሁለተኛ ፈረስ ያንን ግንብ ለመብላት ከቦታው ሲነሣ፣ ሳያስበው የነጯን ንግሥት ሰያፍ መንገድ ከፈተላት። ንግሥቲቱም ዘልቃ ከንጉሡ አጠገብ ያለውን ወታደር በላች፤ ንጉሡም እሷን ከመብላት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ሲበላት ግን የረገጠው ቤት ያ ከማዕዘን የመጣ ግንብ ያለበት ዓምድ ላይ ነው። አሁን መንገድ ዘግቶ የነበረው ጳጳስ ወደ ጎን ፈቀቅ ሲል ንጉሡ በአንድ ጊዜ ከጳጳሱም ከግንቡም ቼክ ሆነ። በሁለት ወገን የተያዘ ንጉሥ ከመሸሽ በቀር ሌላ መድኃኒት የለውም፤ የሚሸሽበትም አልተገኘም። ያ ዝምተኛ ግንብ ባይኖር ኖሮ ከዚህ ሁሉ አንዱም አይሆንም ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኩን ወደ ኋላ ልመልሰው። እንዲህ ያለ አቋም በቼዝ ውስጥ ሁልጊዜ የነበረ አይደለም። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረቦች በኩል የተስፋፋው ጥንታዊው ጨዋታ ዝግ ያለ ነበር። ንግሥት የምንላት ያኔ አማካሪ ነበረች፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ትራመድ ነበር። ጳጳሱም ዝሆን ነበር፤ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘልሎ ከማረፍ ያለፈ አቅም አልነበረውም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አውሮፓውያን ለሁለቱም ክንፍ ሰጧቸው፤ ፈረንሳዮች አዲሱን ጨዋታ «የተቆጣችው እመቤት ቼዝ» እስከ ማለት ደረሱ። አንድ የተሳሳተ እርምጃ ሕይወት የሚያስከፍልበት ቼዝ የተወለደው ያኔ ነው።

የእኛ ሰንጠረዥ ግን በጥንቱ ሥርዓት ጸና። ፈርዙም ፊሉም እንደ ድሮው አጭር እርምጃቸውን ይዘው ቀሩ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ወደ ትግራዩ ገዥ ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ በመጣ ጊዜ ስለ ሀገሩ ሰንጠረዥ ጽፏል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሸካራ ነበሩ፤ ተጫዋቹ የባላጋራውን ጠጠር ሲበላ በኃይል መትቶ ከቦታው ያስፈነጥረዋል። አንደርሰን በርሊን ላይ ግንቡን ባንቀሳቀሰበት ዓመትም ዋልተር ፕላውደን የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሀገራችን ውስጥ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 የታተመው መጽሐፉ ስለ ሰንጠረዥ በዝርዝር ያወራል። ሪቻርድ ፓንክኸርስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክ ባወጡት ጽሑፍ እነዚህን የመንገደኞች ቃላት በአንድነት ሰብስበውልናል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ወረራ የሚባለው ክፍል ነው። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ እያንዳንዱ እንደ ፈቃዱ ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ ይህም የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ይቀጥላል። ዓይን ከገዛ ሰልፍ ይልቅ በባላጋራው እጅ ላይ ነው። እሱ ፈረሱን ወደ ግራ ሲያወጣ እኔ መደቄን እመልሳለሁ። ስለዚህ የጥቃት ሁሉ ጥበብ በአንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፤ መቼ ልምታ? ቀድሞ የመታ ተራን ይጠራል፣ የመሰለፊያውንም ጊዜ ለራሱም ለባላጋራውም ይዘጋል። ሥራ ፈት ጠጠር በማዕዘን ትቶ የሚመታ ሰው ያንን ጠጠር በኋላ እርምጃ በእርምጃ ገንዘቡን እየከፈለ ያወጣዋል። (ሰንጠረዡ እስከ ጣሊያን ወረራ ዘመን ድረስ ሲጫወቱት ቆይቶ ከዚያ ወዲህ እየጠፋ መሄዱን ሳስብ፣ የቃሉ መገጣጠም ያሳዝነኛል።)

ሌላም አለ። በሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፤ በምን አሸነፍህ ይባላል። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መግደል እምብዛም አያስመሰግንም። በፊል፣ በፈርዝ፣ ይልቁንም በመደቅ የገደለ ግን ይደነቃል። በጨዋታው ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ ዝም ብሎ የሚያይ አልነበረምና፣ ምክሩም ፍርዱም ጮክ ብሎ ይሰማ ነበር። አሁን የለምለሟን መጨረሻ እንይ። አንደርሰን ንግሥቱን ሠውቷል፣ አንድ ግንብ ሠውቷል። ንጉሡን የገደሉት ሁለት ጳጳሳት ናቸው፤ ያ በደጃፍ የተተከለ ወታደርም ማምለጫውን ዘግቶ የገባውን ጳጳስ ጠብቆለታል። ጳጳስ የፊል ወራሽ፣ ወታደር የመደቅ ወንድም ነው። በራስ ወልደ ሥላሴ ድንኳን ቢሆን ኖሮ እልልታው የት በደረሰ እላለሁ።

ታዲያ 19ኛዋ እርምጃ በእርግጥ ከሁሉ የበረታች ናትን? ከ1894 እስከ 1921 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኢማኑኤል ላስከር፣ ከተመዘገቡት እርምጃዎች ሁሉ እጅግ ረቂቅና ጥልቅ ከሆኑት አንዷ ብሏታል። ከእሱ በኋላ የመጡ ተንታኞች ግን ጳጳሱን ወደ ሰሌዳው መካከል ማምጣት የበለጠ አስተማማኝ መንገድ እንደነበር አሳይተዋል። ዱፍሬንም ፈረሱን ትቶ ግንቡን ወደ አራተኛው መስመር ቢያወርድ ትግሉ ይራዘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 አንደርሰንን 8 ለ6 ያሸነፈው ሽታይኒትዝ ቆይቶ ሕግ አድርጎ ያስተማረውም ይህንኑ መሰል ነገር ነው፤ ብልጫ ያለው ማጥቃት አለበት፣ ብልጫ የሌለው የሚያጠቃው ግን በባላጋራው ስሕተት ተማምኖ ነው። የዛሬ ኮምፒውተር በሴኮንዶች ውስጥ ሚሊዮን መንገዶች ቆጥሮ ፍርዱን ይሰጣል፤ ፍርዱንም አልከራከርም። ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚፈርደው ስለ ሰሌዳው ነው። አንደርሰን ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰሌዳ ብቻ አልነበረም፤ ድል አንድ እርምጃ የቀረው ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የተዘረጋለትን ፈረስ ትቶ ግንብ የሚያወርድበት ልብ ከየት ያመጣል? እኔ በበኩሌ ላስከርን እከተላለሁ።

ዱፍሬን እ.ኤ.አ. በ1881 ያሳተመው የቼዝ መማሪያ መጽሐፍ በጀርመን ሀገር ለብዙ ዘመን ሲታተም ኖሯል። ስሙ ዛሬ የሚነሣው ግን በዚህች ሽንፈት ነው። በመጨረሻው አቋም ላይ ነጩ ከንጉሡ ጋር የቀሩት አንድ ግንብ፣ ሁለት ጳጳሳትና ወታደሮቹ ናቸው። ጥቁሩ ሁለት ግንብ፣ ሁለት ጳጳስና ንግሥት አለው። ንግሥቲቱም ፈረሱን ከበላችበት ቤት አልተነሣችም፤ ከነጩ ንጉሥ ደጃፍ ቆማ ተራዋን እንደጠበቀች ናት።