በበሬሳ ዳር

ስለ ደብረ ብርሃን የሚጻፈው ሁሉ ከሰማይ ይጀምራል። እኛ ግን ከምድር፣ ያውም ከወንዝ ዳር ለመጀመር ወደድን። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከተማዪቱን የደረሰ መንገደኛ ብርዱን ያማል፤ ቍርሱን ይበላል፤ ወደ ጣርማ በርም ያልፋል። ከድልድዩ ላይ ቆሞ በሬሳን የሚመለከት ግን እጅግ ጥቂት ነው።

በሬሳ ትልቅ ወንዝ አይደለም። በበጋ እረኞች ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል፤ በክረምት ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ጭቃ መስሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይወርዳል። ከደጋው ሜዳ ተነሥቶ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ጋር ወደ ዓባይ ይገባል። በአንጻሩ፣ ከዚያ ብዙም በማይርቀው በአንኮበር ገደል የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ ገብቶ፣ ባሕር ሳያይ በበረሃ ሐይቆች ይቀራል። ደብረ ብርሃን የተቀመጠችው እንግዲህ ሁለቱ ውኆች በሚለያዩበት ትከሻ ላይ ነው።

በዚያ በጥንቱ ዘመን የነገሥታቱ ከተማ ድንኳን እንደ ነበረ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ንጉሡ በሰፈረበት ሠራዊቱ፣ ካህናቱ፣ ነጋዴውና አገልጋዩ አብረው ይሰፍራሉ፤ እንጨቱ ሲያልቅ፣ ሣሩ ሲጋጥ፣ የአካባቢው ገበሬም በቀለብ ሲደክም ድንኳኑ ይነቀላል። የፖርቱጋሉ ቄስ አልቫሬስ በ1512 ዓ.ም. መጥቶ ያየው የዐፄ ልብነ ድንግል ከተማ እንዲህ ያለ ነበር። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግን ከመጨረሻዎቹ 14 ዓመታት 12ቱን ያህል በደብረ ብርሃን ተቀመጡ። ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ ሰፊ ቤተ መንግሥት አስገነቡ፤ በኋላም በቅዱስ ቂርቆስ ስም ሁለተኛ ቤተ ክርስቲያን አቆሙ።

ለመቀመጣቸው ዜና መዋዕላቸው የሚሰጠው ምክንያት ብርሃኑ ነው። ይህን ሲናገሩ ብዙዎች ግማሹን ብቻ ይነግሩናል። ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ተወገሩ፤ በ38ኛው ቀን ከሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ፍርዳቸውን እግዚአብሔር እንደ ወደደላቸው ቈጥረው ስፍራውን ደብረ ብርሃን አሉት። እነሆ፣ ያማረው ስም ከዚህ ደም ጋር ተያይዞ መጥቷል። የከተማዪቱን ክብር የምንወድ ሰዎች ይህን መሸፋፈን የለብንም፤ የሞቱትም የዚህ ምድር ሰዎች ነበሩና። ብርሃኑ በ1448 ዓ.ም. በአውሮፓም ሳይቀር የታየው ሃሌይ የሚባለው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ሊቃውንት አሉ።

ይሁን እንጂ ብርሃን ንጉሥን ይጠራ ይሆናል እንጂ በቅሎ አያጠጣም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቤተ መንግሥት በአንድ ስፍራ ሲቀመጥ በየቀኑ ውኃ የሚቀዳው፣ ከብቱ የሚሰማራው የት ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን ሰፊው የሣር ሜዳና በመካከሉ የሚያልፈው በሬሳ ይመስለናል። ዜና መዋዕሉ ስለ ወንዙ ብዙ አይደክምም፤ ጸሐፊዎች ውኃ ቀጂዎችን የመዘንጋት ልማድ አላቸው።

ዘርዐ ያዕቆብ ሲያርፉ ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ወደ ቀደመው የመዘዋወር ልማድ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስለ ደብረ ብርሃን የሚነገረው ለብዙ ዘመን ይመናመናል። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግን ከአንኮበርና ከአንጎለላ ጋር ደብረ ብርሃንንም መቀመጫቸው አደረጉ፤ በ1834 ዓ.ም. ገደማ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስም አገሩን አይቶ ጽፏል። ዛሬ ተሳላሚው የሚያየው የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የታነጸ ነው። (ስሙን ሰምቶ ከጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጋር የሚያምታታ ብዙ ነው፤ ያ የቀዳማዊ ኢያሱ ሥራ ነው።) ከዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ግን እንግዳ የሚጎበኘው አዳራሽ አልተረፈም። በዚያ ዘመን ከነበረው ዛሬም በስፍራው የምናገኘው ወንዙን ነው።

እኛም በአንድ የጥቅምት ጧት ወርደን አየነው። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ሁለት ሴቶች በድንጋይ ላይ ባና ያጥባሉ፤ ውኃ የጠጣ ባና ምን ያህል እንደሚከብድ የደጋ ሰው ያውቃል፤ አንዷ ከወዲያ፣ አንዷ ከወዲህ ይዘው ሲጠመዝዙት ትንፋሻቸው እንደ ጢስ ይታይ ነበር። የበጉ ጠጕር ለዚህች ከተማ የዕለት ኑሮ ነው፤ በ1957 ዓ.ም. የተቋቋመውም የሱፍ ፋብሪካ የተነሣው ከዚሁ ሙያ ነው። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው ተከፍቷል፤ ልዩ ልዩ ፋብሪካዎችና የቢራ መጥመቂያዎች ተተክለዋል፤ ከተማዪቱም ሰፍታለች።

ከሴቶቹ በታች ጥቂት ስንወርድ ግን የላስቲክ ከረጢት በቍጥቋጦው ላይ ተሰቅሎ፣ ጥቍር ፍሳሽም በቦይ ወደ ወንዙ ሲገባ አየን። ልብስ ማጠቢያውን ለምን ከላይ እንዳደረጉት ጠየቅናቸው። ታላቂቱ ሴት ባናውን ወደ ሣሩ እየዘረጋች፣ «እናቴ ከዚያ ታች ታጥብ ነበር፤ የሚጠጣውንም ከዚያው ትቀዳ ነበር» አለችን።