ውኃ የማይቋጥር ኩሬ፦ ከወገራ ደጋ እስከ ዓሣና አትክልት

ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወገራ ውስጥ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከሰፈሩ ጀርባ መሬቱ በገደል ተቆርጦ ወደ ቆላው ይወርዳል። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈሰሰ ቅልጥ ዐለት የተሠሩ ናቸው። ባዛልቱ ስንጥቅ የበዛበት ስለሆነ ደጋው ላይ የወረደው ውኃ በስንጥቁ ሰርጎ ከገደሉ ሥር በምንጭነት ይፈልቃል። በገደሉ አፋፍ የሚኖር ሰው ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ከርሞ በበጋ ማሰሮና ጀሪካን ይዞ ቁልቁል የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

ኩሬ የዚህ ችግር የቆየ መልስ ነው። የድሮው ኩሬ በአብዛኛው ለከብት ነበር፤ የሚያደፍነውም ራሱ ከብቱ ነው። ከብቱ ውኃ ሊጠጣ ሲገባ ሸክላውን በኮቴው ይረግጠዋል፤ ጎርፍ ያመጣው ደለልና እበቱ የአፈሩን ቀዳዳ ይሞላሉ። አዲስ የተቆፈረ ኩሬ ውኃው ቶሎ ሲጠፋበት ለዓመታት የተረገጠው የሚይዘው ለዚህ ነው። ደለሉን ለማውጣት ጠልቆ የተቆፈረ አሮጌ ኩሬ ዳግመኛ ማፍሰስ ይጀምራል፤ ሰው ቆሻሻ ብሎ የሚያወጣው ያ ደለል ክዳኑ ነበርና። ጥቁር አፈር (መረሬ) ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንዴ ጨርሶ የደረቀ ኩሬ በሚቀጥለው ክረምት መጀመሪያ በስንጥቁ ያፈስሳል።

ከጭቃ የተሻለ መሸፈኛ በአካባቢው የታየው በጎንደር ዘመን ነው። የኖራ ግንባታ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ተስፋፋ፤ ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ዐፄ ፋሲል (1632–1667 እ.ኤ.አ.) ጎንደርን ከተማቸው አደረጉ። በስማቸው የሚጠራው መዋኛ 50 ሜትር በ30 ሜትር ገደማ የሆነ የድንጋይና የኖራ ኩሬ ነው፤ ውኃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይገባል። ዛሬም ለጥምቀት በየዓመቱ ይሞላል። ይህ ግን የንጉሥ ሥራ ነው። ኖራ ማቃጠል ማገዶ፣ ግንበኛና ገንዘብ ይጠይቃል፤ የወገራ ገበሬ ኩሬ በጭቃው ቀጠለ።

ገበሬው ጋ የደረሰው ለውጥ ፕላስቲክ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ድርቅ ጋር ተያይዞ በአማራና በትግራይ ክልሎች ለየቤተሰቡ የውኃ ማቆሪያ ጉድጓድ የማስቆፈር ትልቅ ዘመቻ ተካሄደ። ብዙዎቹ አፋቸው ሰፊ፣ ወለላቸው ጠባብ ሆነው ተቆፈሩ፤ ከፊሎቹ ጂኦሜምብሬን በሚባል ፕላስቲክ ተለበጡ። የገባው ጉልበት ብዙ፣ ሐሳቡም ቅን ነበር። ሆኖም ብዙዎቹ ጉድጓዶች ከጥቂት ዓመት በላይ አላገለገሉም። ያልተለበጡት ሰረጉ፤ የተለበጡትም በድንጋይ፣ በከብት ኮቴና በፀሐይ ተቀደዱ። ጉድጓድ ማስቆፈር በቁጥር ሲመዘን፣ የተቀደደውን የሚጠግን ሰውና ቁሳቁስ ግን አልታሰበም። ለአንድ ጓሮ ጎመን ብቻ የሚያገለግል ውኃ ደግሞ የጥገናውን ወጪ ለመመለስ ይከብደዋል። ዓሣ ወደ ኩሬው ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ያው ውኃ ሁለት ምርት ከሰጠ ወለሉን መጠገን ያዋጣል።

አኳፖኒክስ የሚባለው ዘዴ ይህንኑ ሐሳብ ያጠነክረዋል። ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱን አትክልቱ ይመገበዋል፤ የተጣራው ውኃ ወደ ዓሣው ይመለሳል። ዘዴው አሁን ያለውን መልክ የያዘው በ1970ዎቹና በ80ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በቨርጂን ደሴቶች ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ራኮሲ ያካሄደው የዓመታት ምርምር ዋናው መሠረቱ ነው። በኢትዮጵያ በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ተባባሪዎች እገዛ ሸዋ ሮቢትና ሐዋሳ ላይ ለአነስተኛ አምራቾች ተሞክሯል።

ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፤ ኮሶዬ ደጋ። ከጣና የሚመጣው ቀረሶ (ቲላፒያ) ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ሲያገኝ ይደላዋል፤ ውኃው ከ16 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ መብላት ያቆማል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት አገር ቀረሶ ማርባት ዓሣውን ማሠቃየት ነው። ከውጭ የገባው ካርፕ ብርዱን ይችላል። ትራውትም በባሌ ተራራ ወንዞች ተላምዷል፤ ነገር ግን አየር የበዛበት ወራጅ ውኃ ስለሚፈልግ ለቆመ ኩሬ አይሆንም። ባክቴሪያዎቹም ቢሆኑ ከ17 ዲግሪ በታች ሥራቸው ይቀንሳል። ከአትክልቱ በኩል ቆስጣ፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ደጋውን ይወዳሉ፤ ቲማቲም ግን በውርጭ ይሞታል።

አሮጌ ኩሬ ወደዚህ ሥራ ሲለወጥ መጀመሪያ የሚጣራው የሚያፈስስ መሆኑ ነው። ውኃ የተሞላ ባልዲ ኩሬው ውስጥ ይቀመጣል፤ ከባልዲው የሚጎድለው ፀሐይና ነፋስ የወሰዱት ብቻ ነው፤ ኩሬው ከዚያ በላይ ከጎደለ ወለሉ ያፈስሳል። ሸክላ ባለበት በውኃ ለውሶ መርገጥ ይበቃል፤ ዐለት በወጣበት ግን ለስላሳ አፈር ተነጥፎ ፕላስቲክ ይለበጣል፣ ዙሪያውም ከከብት ይታጠራል። ሲሚንቶና ኖራ ጠንካራ ቢሆኑም አዲስ ሳሉ የውኃውን ፒኤች ከፍ ያደርጋሉ፤ ባክቴሪያውና አትክልቱ አብረው የሚስማማቸው ደግሞ ከ6 እስከ 7 ያለው ነው። ስለዚህ በሲሚንቶ የተለሰነ ኩሬ ደጋግሞ ተሞልቶ መፍሰስ አለበት። የአትክልቱ መደብ በቀይ አሽ ይሞላል፤ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ለባክቴሪያ ማደሪያ ይመቻል። መደቡ ከኩሬው ከፍ ሲል ፓምፕ አንዴ ያወጣው ውኃ በራሱ ይመለሳል። ለአንድ ካሬ ሜትር ቅጠላ ቅጠል በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም የዓሣ ምግብ ይበቃል፤ ትልቅ ኩሬ ስላለ ብቻ ዓሣ ማብዛት አያስፈልግም።

ባክቴሪያው እስኪደላደል በሞቃት ቦታ አንድ ወር ገደማ፣ በብርድ ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ለኮሶዬ፣ ለዳባትና ለደባርቅ የሚበጀው በክረምት ተሞልቶ እስከ የካቲት ውኃውን የያዘውን ኩሬ ብቻ መምረጥ፣ ቀኑ መሞቅ ሲጀምርም ሥራውን ማስጀመር ነው። እስከዚያ ያልያዘ ኩሬ ዓሣ ሊገባበት አይገባም።