ሱቆቻችን ለምን እዚያ ተከፈቱ?

ድሬዳዋ ለምን ከሐረር ተራራ ሥር ተቆረቆረች ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ ባቡሩ ሽቅብ መውጣት ስለከበደው ነው። የጂቡቲው ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ ሐረር ለመግባት ወጪው ብዙ ሆኖ በመገኘቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ሜዳው ላይ ደረሰ፤ ነጋዴውም ሐዲዱን ተከትሎ ወረደ።

ይህን ያነሣነው የምንኖርባት የዳላስ ታሪክም ከዚህ ስለማይርቅ ነው። ትሪኒቲ ወንዝ መርከብ እንደ ልብ የማያስኬድ በመሆኑ፣ የከተማይቱ ሰዎች ተስፋቸውን በባቡር ላይ ጣሉ። ለመጀመሪያው ሐዲድ 5,000 ዶላር ከፍለው መሥመሩን ወደ ራሳቸው አስጠመዘዙት፤ እ.ኤ.አ. በ1872ም ባቡሩ ገባ። ለሁለተኛው ደግሞ ብልሃት ፈጠሩ። የቴክሳስ ምክር ቤት ሕግ ሲያወጣ፣ ሐዲዱ «ብራውደር ስፕሪንግስ» በሚባል ምንጭ በኩል እንዲያልፍ የምታስገድድ አንዲት ሐረግ አስገቡ። ኋላ ሲታይ ምንጩ ከዳላስ ዋና ጎዳና ትንሽ ወደ ደቡብ ብቻ ሆኖ ተገኘ! አራዳነት ማለት ይህ ነው። በማግሥቱ ዓመት ሁለቱ ሐዲዶች እዚህ ተገናኙ፤ ጥጡም፣ ባንኩም፣ መጋዘኑም ተከተለ።

ከመቶ ዓመት በኋላ የባቡሩን ሥራ አውሮፕላን ማረፊያው ወረሰ። እ.ኤ.አ. በ1974 ተከፈተ፤ በ1979 አሜሪካን ኤርላይንስ ዋና መሥሪያ ቤቱን ከኒውዮርክ ወደዚህ አዛወረ። በ2017 ቶዮታ ፕሌኖ ገባ። የአገሩ መካከል መሆኑ፣ የመሬቱ ስፋት፣ ክፍለ ሀገሩ የደመወዝ ግብር አለመጣሉ ሁሉ ስቧቸዋል።

የእኛ ሰው ግን አማካሪ ቀጥሮ ካርታ አላስጠናም። እ.ኤ.አ. ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ የመጣው ወገናችን፣ ኪራዩ በረከሰበት አፓርታማ ገባ። ቪከሪ ሜዶው ያሉት አፓርታማዎች መጀመሪያ ለላጤ ወጣቶች የተሠሩ ነበሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የቴክሳስ የቤት ገበያ ሲወድቅና የ1988ቱ ሕግ ልጅ ያለውን ተከራይ መከልከልን ሲያግድ፣ በሩ ለቤተሰብና ለስደተኛ ተከፈተ። ሱቁም ሰውን ተከተለ፤ በግሪንቪል ጎዳና፣ በፎረስት ሌን፣ ኋላም ወደ ሪቻርድሰንና ጋርላንድ።

አንድ ወዳጃችን ኪራይ ረከሰልኝ ብሎ ራቅ ካለ ሥፍራ የምግብ ሸቀጥ ከፍቶ ነበር። ሰው የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ሆነ፤ የማክሰኞው እንጀራ ሐሙስ ሻገተ፤ ዓመት ሳይሞላው ዘጋ። ታክሲ ነጂው ከኤርፖርት ሲመለስ ቡናውን የሚጠጣው ከቤቱ አጠገብ ነው። በርበሬ ልትገዛ የመጣችም እግረ መንገዷን ልጇን ፀጉር ታስቆርጣለች፤ ስለዚህ ጎረቤት ሱቅ ተፎካካሪም ገበያ አምጪም ነው።

የሚያሳስበን ግን አለ። ገበያውን ያቀናነው እኛ፣ ሕንፃው የሌላ ነው። ውል በታደሰ ቁጥር ኪራዩ ሲጨመር፣ ደንበኛ ያለመዱ ባለሱቆች ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ አይተናል። የዳላስ ሰዎች 5,000 ዶላር አዋጥተው ባቡር ካስመጡ፣ በየወሩ ዕቁብ የምንጥል እኛ አንድ የሱቅ ሕንፃ መግዛት የሚያቅተን አይመስለንም። ጉዳዩ በማኅበራችን ስብሰባ ሁለት ጊዜ ተነሥቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ገና ስላልገዛነው ሕንፃ ፓርኪንግ ስንከራከር መሽቶብን ተበተንን።