ጋዜጣ፣ ሬዲዮና የመራጩ ልብ፤ የፖል ላዛርስፌልድ የምርምር ሕይወት

በብዙኃን መገናኛ ሙያ የተሰማራን ሰዎች አንዳንዴ የምንመካበት፣ አንዳንዴም የምንፈራው አንድ እምነት አለን። ይኸውም በማይክሮፎን የተነገረ ወይም በጋዜጣ የታተመ ቃል የሰውን አቋም ሸክላ ሠሪ ጭቃውን እንደሚያበጅ ያበጀዋል የሚል ነው። ይህን እምነት በቁጥርና በቃለ መጠይቅ ከመረመሩት ቀደምት ምሁራን አንዱ ፖል ላዛርስፌልድ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ላዛርስፌልድ በ1901 በቪየና ተወለዱ። በወጣትነታቸው በሶሻል ዴሞክራቶች የወጣቶች እንቅስቃሴ ውስጥ ተሳትፈዋል፤ በ1925ም ከቪየና ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ። ሆኖም ከቀመሩ ይልቅ ልባቸውን የሳበው የዘመኑ ጥያቄ ነበር፤ ለሠራተኛው መብት የቆመ ፓርቲ ይህን ያህል እየሰበከ ቅስቀሳው ስለ ምን የሚፈለገውን ያህል ሰው አይማርክም?

ለጥያቄው የመጀመሪያውን ብርሃን የሰጠችው በቪየና አቅራቢያ የምትገኘው ማሪየንታል የተባለች የፋብሪካ መንደር ናት። ላዛርስፌልድ ሠራተኞች የዕረፍት ጊዜያቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ ለማጥናት አስበው ሳለ፣ የፓርቲው መሪ ኦቶ ባወር ሥራ አጥነት በተንሰራፋበት ወቅት ስለ ዕረፍት ማጥናት ከንቱ መሆኑን ነገሯቸው። ምክሩንም ተቀበሉ። ከማሪ ያሆዳና ከሀንስ ሳይዝል ጋር ሆነው 478 ቤተሰቦች የሚኖሩባትን፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ የተዘጋባትን መንደር አጠኑ፤ ውጤቱም በ1933 በመጽሐፍ ታተመ።

ከተገኘው ማስረጃ ሁሉ ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚናገረው የንባብ ነገር ነው። ሥራ ፈቱ ሠራተኛ ጊዜ ተርፎታልና አብዝቶ ያነባል ተብሎ ይታሰብ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት መዋስ ያለ ክፍያ ሆኖ ሳለ በውሰት የሚወጡት መጻሕፍት ቁጥር ወደ ግማሽ ወረደ። ለሥራ አጦች ዋጋው ቢቀነስም፣ የፓርቲው ጋዜጣ ደንበኞች በ1927 እና በ1930 መካከል በ60 በመቶ ቀነሱ። እንግዲህ ጋዜጣውን ያስተወው የኪስ ማጣት ብቻ አልነበረም፤ የተስፋ ማጣት ጭምር ነበር። ሰው ነገን መጠበቅ ሲተው ስለ ነገ የሚጽፈውን ጋዜጣም ይተዋል።

በዚያው በ1933 ላዛርስፌልድ በሮክፌለር ድርጅት ድጋፍ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዱ። በየካቲት 1934 በኦስትሪያ የእርስ በርስ ውጊያ ተነሥቶ ፓርቲያቸው ሲታገድ፣ የእንግድነት ቆይታቸው ወደ ስደት ተለወጠ። በ1937 የሬዲዮ ምርምር ፕሮጀክት ኃላፊ ሆኑ፤ ፕሮጀክቱም ወደ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ታዋቂው የምርምር ተቋማቸው መሠረት ሆነ።

በ1940 ሩዝቬልትና ዊልኪ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ ላዛርስፌልድና ባልደረቦቻቸው በኦሃዮ ግዛት በኤሪ አውራጃ 600 መራጮችን መርጠው፣ እነዚያኑ ሰዎች ከግንቦት እስከ ኅዳር እየተመላለሱ ጠየቋቸው። ከወር ወር የሚደረገውን የሐሳብ ለውጥ ከአንድ ሰው ላይ መከታተል በዚያን ጊዜ አዲስ ዘዴ ነበር። ሬዲዮው ብዙ ልብ ሲለውጥ እናያለን ብለው ቢጠብቁም፣ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የተሻገረው 8 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው ዘመቻውን የተጠቀመበት ቀድሞ የያዘውን አቋም ለማጽናት ነበር። የኑሮ ደረጃው፣ ሃይማኖቱ፣ በከተማ ወይም በገጠር መኖሩ ድምፁን ወዴት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይጠቁም ነበር። ከሬዲዮው ይልቅም የጎረቤት፣ የዘመድና የሥራ ባልደረባ ቃል ይሰማ ኖሯል። የብዙኃን መገናኛ ሐሳብ በቅድሚያ ወደ ጥቂት አስተዋይ አድማጮች፣ ከእነርሱም ወደ ሌላው ሕዝብ ይፈሳል የሚለው ግምት ከዚህ ተወለደ፤ በ1955 ከኤሊሁ ካትስ ጋር ያሳተሙት መጽሐፍም ይህንኑ አስፋፋው።

ይሁንና ሥራው ያለ ተቺ አልቀረም። በሬዲዮው ፕሮጀክት አብሯቸው የሠራው ፈላስፋ ቴዎዶር አዶርኖ፣ ባህልን በመጠይቅ መለካትን አልተቀበለም። ቶድ ጊትሊንም በ1978 ባወጣው ጽሑፍ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የሚታይን የሐሳብ ለውጥ ብቻ መመዘን የመገናኛ ተቋማትን ሥር የሰደደ ሥልጣን ይሸፍናል ሲል ነቀፈ። የ1955ቱ ጥናት ገንዘብ በከፊል ከመጽሔት አሳታሚ ድርጅት መምጣቱም ተነሥቷል። ትችቱ እውነትነት አለው፤ የመራጩን ድምፅና የሸማቹን ምርጫ በአንድ መስፈሪያ የሚሰፍር ተመራማሪ፣ መስፈሪያውን የሚከፍልለት ማን እንደሆነ ሊረሳ አይገባውም።

ላዛርስፌልድ በ1976 በኒውዮርክ አረፉ። በወጣትነታቸው የሰው ልብ በቅስቀሳ ይመለሳል ብለው ተስፋ ያደረጉት ሰው፣ ዕድሜያቸውን የቅስቀሳን ወሰን ሲለኩ አሳለፉት። ለእኛ የተዉልን ትምህርትም ከዚህ ይመነጫል። አንባቢያችን ባዶ ማሰሮ አይደለም፤ ገጻችንን ሲገልጥ ከነኑሮው፣ ከነወገኑና ከነጎረቤቱ ነው። ደንበኛ ጋዜጣውን ሲተውም የጽሕፈታችንን ጉድለት ብቻ ሳይሆን፣ በቤቱ የገባውን ችግር ጭምር እንጠይቅ። ማሪየንታል የምትለን ይህንኑ ነው።